በዓለም ሸንጎ ስለ ኢትዮጵያ የቆሙት አክሊሉ ሀብተ ወልድ

በአገራችን ከጥንት የቆየ አንድ ደግ ልማድ አለ። በመንገድ ላይ ጉልበተኛው ደካማውን ሊያጠቃ በተነሣ ጊዜ፥ ተበዳዩ በሕግ አምላክ ብሎ ከጮኸ በዳዩ እጁን ይሰበስባል፤ መንገደኛውም ቆሞ ሁለቱን ያስማማል፥ ካልተስማሙም ወደ ዳኛ ያደርሳቸዋል። ይህን የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። አባቶቻችን በዚህች አጭር ቃል ብዙ ደም ከመፍሰስ አድነዋል።

ነገር ግን ተበዳዩ አንድ ሰው መሆኑ ቀርቶ አገር ቢሆን፥ በዳዩም ታንክና አውሮፕላን ያለው መንግሥት ቢሆን፥ በሕግ አምላክ የሚባለው ለማን ነው? ቆሞ የሚሰማውስ መንገደኛ ማን ነው? ዓለም ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልግ ሁለት ጊዜ ታላቅ ሸንጎ አቁሟል። የመጀመሪያው በጄኔቭ የነበረው የመንግሥታት ማኅበር ነው፤ ሁለተኛው ዛሬ በኒውዮርክ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ነው። የሁለተኛው ሸንጎ መሥራች ሰነድ በተፈረመ ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ ስማቸውን ካኖሩት ሰዎች አንዱ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ናቸው። በዘንድሮው መጽሔታችን የእኒህን ሰው የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ለማቅረብ የተነሣነው፥ ሥራቸው ከሶዶ እጅግ የራቀ ቢመስልም ለእያንዳንዳችን የሚነግረን ነገር ስላለ ነው። ከዚህ በታች የሚነበበው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

አክሊሉ ሀብተ ወልድ በ1904 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው አለቃ ሀብተ ወልድ ሀብተነህ የሸዋ ቡልጋ ሰው፥ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። ከወንድሞቻቸው መካከል አቶ መኰንንና አቶ አካለ ወርቅ እንደ እርሳቸው ለሚኒስትርነት በቅተዋል። ቤታቸው የካህን ቤት እንጂ የመሳፍንት ቤት አልነበረምና፥ ወንድማማቾቹን ወደ ላይ ያወጣቸው መሰላል ትምህርት ነው። አክሊሉ በእስክንድርያ በሚገኘው የፈረንሳይ ሊሴ ተምረው ወደ ፓሪስ ተሻገሩ፤ በዚያም ሕግ አጠኑ። የፈረንሳይኛ ችሎታቸው በኋላ ዘመን በዓለም ሸንጎ ሲከራከሩ ታላቅ መሣሪያ ሆኗቸዋል።

እርሳቸው ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ በአገራችን ታሪክ አንድ ከፍ ያለ ነገር ተፈጸመ። መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፥ ልክ በመስቀል በዓል ዕለት፥ ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። ማኅበሩ የቆመው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲሆን፥ 26 አንቀጽ ያለው የቃል ኪዳን ሰነድ ነበረው። አባሎቹ ሁሉ በዐሥረኛው አንቀጽ አንዱ የሌላውን ግዛትና ነጻነት ሊያከብር፥ ከውጭ ጥቃትም ሊጠብቅ ቃል ተጋብተዋል። ኢትዮጵያም በበኩሏ ባርነትንና የባሪያ ንግድን ለማጥፋት እንድትተጋ ቃል ገባች።

በዚህ ላይ የወላይታ አንባቢ ጥቂት ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል። በ1887 ዓ.ም.፥ በካዎ ጦና ዘመን፥ በተደረገው ጦርነት ብዙ የወላይታ ሰው ተማርኮ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ወደ ሩቅ አገር ለባርነት ተወስዷል። ስለዚህ በጄኔቭ የተገባው ቃል ለዚህ አገር ሰው የባዕድ ወሬ አልነበረም። በዚያው በ1916 ዓ.ም. ስለ ባሮች ነጻ መውጣት ዐዋጅ ታወጀ። መስከረም 15 ቀን 1919 ዓ.ም. ደግሞ ባርነትን ለማጥፋት የወጣው የዓለም ውል በጄኔቭ ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም ገባችበት። ይሁን እንጂ ሕጉ በወረቀት ላይ ፈጥኖ በየቤቱ ግን ዘገየ። ኢጣልያ ልትወረን በተሰናዳች ጊዜ ይህንኑ ጉድለታችንን በማኅበሩ ፊት ለክስ አቀረበችው። ከሳሿ ራሷ ንጹሕ አልነበረችም፤ ቢሆንም በቤት ያልተፈጸመ ሕግ ለጠላት በትር ማቀበል መሆኑን ከዚህ እንማራለን። ባርነት በአገራችን ሕግ ፈጽሞ የተሻረው ጠላት ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በታወጀው ዐዋጅ ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻግሮ ገባ። ይህ የማኅበሩ ቃል ኪዳን የሚፈተንበት ቀን ነበረ። ማኅበሩ ኢጣልያ ሕግ አፍርሳለች ብሎ ፈረደ፤ ከ50 የሚበልጡ መንግሥታትም ከኅዳር ወር ጀምሮ በንግድ ሊቀጧት ተስማሙ። ነገር ግን ከቅጣቱ ዝርዝር ውስጥ ዋናው ነገር ጐደለ። የጦር መኪናውንና አውሮፕላኑን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ አልተከለከለም፤ የስዌዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች አልተዘጋም። በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ በተፈረመ ሌላ ውል የተከለከለው የመርዝ ጋዝ በወታደሩና በገበሬው ላይ ዘነበ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በጄኔቭ ቆመው ለመንግሥታቱ አቤት አሉ። በሕግ አምላክ ማለት እንግዲህ ይህ ነበረ። መንገደኛው ግን ሰምቶ አለፈ። በሚከተለው የሐምሌ ወር የንግዱ ቅጣት ተነሣ።

አክሊሉ በዚያ የመከራ ዘመን በፓሪስ ነበሩ። ከተማይቱም ራሷ በክርክር ተከፍላ ነበር። ጋስቶን ዤዝ የተባሉት የፓሪስ የሕግ ፕሮፌሰር በመንግሥታት ማኅበር ስለ ኢትዮጵያ በመከራከራቸው፥ የኢጣልያ ደጋፊ የሆኑ ተማሪዎች በጩኸት ትምህርታቸውን እንዳይሰጡ ከልክለዋቸዋል። ወጣቱ አክሊሉ በዚያው በኢትዮጵያ ለጋሲዮን ገብተው ያገለግሉ ጀመር። አገራቸው በጠላት እጅ ሳለች የለጋሲዮን ሠራተኛ ሆኖ መኖር ቀላል ነገር አይደለም። ደመወዝ የለም፥ ትእዛዝ የሚመጣበት ዋና ከተማ የለም፥ በየቀኑም አንድ ተጨማሪ መንግሥት የኢጣልያን ወረራ ያጸድቅ ይሆን እያሉ መሥጋት አለ። በስደት ላይ ካሉት ኢትዮጵያውያን ጋር እየተጻጻፉ፥ ጋዜጠኞችንና የምክር ቤት ሰዎችን እየጠየቁ፥ የኢትዮጵያ ስም ከዓለም ዝርዝር እንዳይፋቅ ደከሙ።

ከዚያ ዘመን ሁለት ነገር ሳይማሩ አልቀሩም። አንደኛው፥ ኃይል የሌለው ሕግ ደካማውን ብቻውን እንደማያድን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ የሚቃረን ይመስላል፤ ደካማ አገር ከሕግ በቀር ሌላ ጋሻ ስለሌላት ሕጉን ከማንም ይልቅ ጠንቅቃ ልታውቀው ይገባታል። የሕይወታቸው ሥራ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ነገሮች መካከል የተካሄደ ነው ብንል ስሕተት አይሆንም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። በደቡብ ያለው የኢጣልያ ጦር ግን ገና አልተሸነፈም ነበርና፥ ሶዶ ነጻ የወጣችው ከ17 ቀን በኋላ ግንቦት 14 ነው። አክሊሉም ከፈረንሳዊት ባለቤታቸው ጋር ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጠላት ቢወጣም ነጻነቱ ገና ሙሉ አልነበረም። የእንግሊዝ ጦር በአገሪቱ ውስጥ ስለ ነበረ፥ በጥር 1934 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ለእንግሊዝ ብዙ ሥልጣን የሚሰጥ ነበር። አክሊሉ የውጭ ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር ሆነው፥ አሜሪካዊው የሕግ አማካሪ ጆን ስፔንሰር እየረዷቸው፥ ይህን ውል ቃል በቃል መረመሩ። በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. አዲስ ውል ተፈርሞ ኢትዮጵያ ያጣችውን ሥልጣን አብዛኛውን አስመለሰች። በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር የቀረው የሐውድ ምድር እንኳ ከዓመታት ክርክር በኋላ በ1947 ዓ.ም. ተመልሷል። በዚህ ሁሉ አንድ ጥይት አልተተኰሰም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንደርሳለን። ሚያዝያ 17 ቀን 1937 ዓ.ም. በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የ50 መንግሥታት ልኡካን ተሰበሰቡ። የኢትዮጵያ ልኡካን መሪ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ነበሩ። ከአፍሪካ የመጡት ኢትዮጵያ፥ ግብፅ፥ ላይቤሪያና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናቸው፤ የቀረው አፍሪካ በቅኝ ገዥዎች እጅ ነበረና የሚናገርለት አልነበረም።

የዓለም ሕግ እንዴት እንደሚረቀቅ ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ያንን ጉባኤ ቢመለከት ይበጀዋል። ሥራው በ4 ታላላቅ ኮሚሲዮኖችና በ12 ንኡሳን ኮሚቴዎች ተከፋፈለ። እያንዳንዱ አንቀጽ አስቀድሞ በኮሚቴው ውስጥ ይነበባል፥ ይታረማል፥ ድምፅ ይሰጥበታል፤ የሚጸድቀውም ሁለት ሦስተኛው ሲስማማ ነው። ትልቁም ሆነ ትንሹ አገር ያለው አንድ ድምፅ ነው። ሰነዱ በቻይንኛ፥ በፈረንሳይኛ፥ በሩስክኛ፥ በእንግሊዝኛና በስፓንኛ ስለሚጻፍ አምስቱም አንድ ዐይነት ትርጉም እንዲኖራቸው ማድረግ ራሱን የቻለ ድካም ነው። ትንንሾቹ አገሮች አምስቱ ኃያላን በጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ የመሻር መብት ይኑራቸው መባሉን አጥብቀው ተቃወሙ። ኃያላኑ ግን ያለዚህ መብት ማኅበር አይቆምም ስላሉ ትንንሾቹ እያዘኑ ተቀበሉት። ሰኔ 19 ቀን 1937 ዓ.ም. 111 አንቀጽ ያለው ቻርተር ተፈረመ። አክሊሉ ሀብተ ወልድም ከብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅንና ከአቶ አምባዬ ወልደ ማርያም ጋር ስለ ኢትዮጵያ ፈረሙ። ቻርተሩ ጥቅምት 14 ቀን 1938 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ።

እንግዲህ ይህ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በጄኔቭ አቤት ብላ ሰሚ ያጣች አገር፥ አዲሱን ሸንጎ ከሚያቆሙት ጋር እኩል ተቀምጣ ሕግ አወጣች ማለት ነው። ቻርተሩ በሁለተኛው አንቀጹ አንድ መንግሥት በሌላው ግዛትና ነጻነት ላይ ኃይል እንዳይጠቀም ይከለክላል። ያን አንቀጽ ከኢትዮጵያ ልኡካን ይልቅ በልቡ ያነበበው ሰው ይኖራል ብለን አንገምትም።

ከዚህ በኋላ የአክሊሉ ሥራ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ መሄድ ሆነ። በ1938 ዓ.ም. ማብቂያ በፓሪስ የሰላም ጉባኤ ተካፈሉ። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንድትከፍል፥ ደግሞም የዘረፈችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ በ37ኛው አንቀጹ አዘዘ። በ1929 ዓ.ም. ተነቅሎ ሮም የቆመው የአክሱም ሐውልት ግን በ18 ወር አልተመለሰም። የተመለሰው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው፤ በ2000 ዓ.ም. ተተክሎ በጥንት ቦታው ቆመ። በእናቶቻችን ጓሮ ያለው እንሰት ተተክሎ፥ ተነቅሎ፥ እንደገና ተተክሎ፥ ከስንት ዓመት በኋላ ለቤተ ሰብ እንጀራ እንደሚሆን ሁሉ፥ የዓለም ሕግም አንዳንድ ጊዜ ፍሬውን የሚሰጠው የተከሉት ሰዎች ካለፉ በኋላ ነው።

በዚያ ዘመን የዓለሙ ሸንጎ ካወጣቸው ሕጎች ሁለቱን ለይተን እንጠቅሳለን፤ ምክንያቱን አንባቢ ወደ ታሪኩ መጨረሻ ሲደርስ ያገኘዋል። አንደኛው ኅዳር 30 ቀን 1941 ዓ.ም. ዘር ማጥፋትን ለመከላከልና ለመቅጣት የወጣው ውል ነው። ሁለተኛው በማግሥቱ ታኅሣሥ 1 ቀን በ48 ድምፅ የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ነው። ለመግለጫው ድምፃቸውን ከሰጡት አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ በውስጡም የተከሰሰ ሰው ሁሉ በነጻ ዳኛ ፊት እኩል የመደመጥ መብት እንዳለው ተጽፏል። ስለ ዘር ማጥፋት የወጣውን ውል ደግሞ ከመንግሥታት ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው አገራችን ናት፤ ይህም የሆነው በሰኔ 1941 ዓ.ም. ነው። በጉባኤ እጅን ማንሣትና ውልን ማጽደቅ የተለያዩ መሆናቸውንም ልብ እንበል። የጠቅላላው ጉባኤ ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ ምክር ነው፤ ውል ግን ያጸደቀውን መንግሥት እንደ ማሰሪያ ያስረዋል።

አክሊሉን በሰፊው ያሳወቃቸው ክርክር የኤርትራ ጉዳይ ነው። አራቱ ኃያላን መንግሥታት ስለ ቀድሞዎቹ የኢጣልያ ቅኝ ግዛቶች በአንድ ዓመት ውስጥ ባይስማሙ ጠቅላላው ጉባኤ እንዲወስን፥ እነርሱም ውሳኔውን እንዲቀበሉ በሰላሙ ውል ተስማምተው ነበር። ስላልተስማሙም ነገሩ በ1941 ዓ.ም. ወደ ጉባኤው መጣ። በ1941 ዓ.ም. የቀረበው ዕቅድ ወደቀ፤ በ1942 ዓ.ም. የበርማ፥ የጓቲማላ፥ የኖርዌይ፥ የፓኪስታንና የደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች ወደ ኤርትራ ተላኩ፤ እነርሱም በሐሳብ ተለያዩ። አክሊሉ በእነዚያ ዓመታት የኢትዮጵያን ጥያቄ ይዘው፥ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለማግኘት የሩቅ አገር ልኡካንን ሁሉ እያስረዱ ቈዩ። በመጨረሻ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ኤርትራ የራሷ ምክር ቤትና አስተዳደር ኖሯት ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትኖር በ46 ድምፅ ተወሰነ፤ 10 ተቃወሙ፥ 4 ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ። ፌዴሬሽኑም በመስከረም 1945 ዓ.ም. ተጀመረ።

አክሊሉ በ1953 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በዚህም ሥልጣን እስከ 1966 ዓ.ም. ቈዩ። በዘመናቸው ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ኢትዮጵያና ላይቤሪያም፥ ደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ ላይ ስለምትፈጽመው የዘር ልዩነት አገዛዝ በ1953 ዓ.ም. በላሄይ የዓለም ፍርድ ቤት የመሠረቱትን ክስ ቀጠሉ። ሐምሌ 11 ቀን 1958 ዓ.ም. የዳኞቹ ድምፅ 7 ለ7 ሆኖ፥ በፕሬዚዳንቱ ተጨማሪ ድምፅ ክሱ ውድቅ ተደረገ። ታላቅ ሐዘን ነበር። ነገር ግን ከሦስት ወር በኋላ ጠቅላላው ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ በዚያ አገር ላይ ያላትን ሥልጣን አንሥቻለሁ ብሎ ወሰነ፤ በ1963 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ራሱ ይህንኑ አጸና፤ በመጋቢት 1982 ዓ.ም. ናሚቢያ ነጻ ወጣች። ይህም ዘግይቶ ካፈራው እንሰት ወገን ነው።

የሰውን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ምስጋናውን ብቻ መርጦ ቢጽፍ አንባቢውን ያታልላል። ስለዚህ ሌላውንም ገጽ እንግለጥ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ እንደ ሌሎቹ ጠቅላይ ግዛቶች ሆነች። ያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ነበሩ። በዓለም ሸንጎ ስንት ዓመት ተከራክረው ያስገኙት ሕግ እርሳቸው በሥልጣን ላይ ሳሉ ተሻረ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የጀመረው ጦርነት 30 ዓመት ቈይቶ የስንቱን እናት ልጅ በልቷል፤ ከየአውራጃው፥ ከወላይታም፥ የዘመተው ብዙ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ደግሞ በወሎ ብርቱ ረኃብ ሆኖ ሕዝብ ሲያልቅ መንግሥት ፈጥኖ አልደረሰም። ሁሉን ነገር በአክሊሉ ላይ መጫን ፍርድ አይሆንም፤ በዚያ ዘመን የመጨረሻው ቃል የንጉሠ ነገሥቱ ነበረና። ቢሆንም የጠቅላይ ሚኒስትር ወንበር ከኃላፊነት ነጻ የሚያወጣ ወንበር አይደለም።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. ወታደሩ፥ መምህራኑ፥ ተማሪውና የታክሲ ነጂው ሁሉ በተነሣ ጊዜ አክሊሉ ከነካቢኔያቸው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሳይቈይ ታሰሩ። የቀድሞ ባለሥልጣኖችን ጉዳይ የሚመረምር ኮሚሲዮን ተቋቁሞ ነበርና፥ አክሊሉ በእስር ቤት ሆነው ስለ ሥራቸው የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጁ። ጽሑፉም ከብዙ ዓመት በኋላ የአክሊሉ ማስታወሻ በሚል ስም ታትሟል። ከሸንጎ ወደ ሸንጎ የኖረ ሰው ጉዳዩ በዳኛ ፊት እንደሚቀርብ ተስፋ ቢያደርግ አይደንቅም።

ዳኛ ግን አልመጣም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። ከእነዚያ መካከል አክሊሉ ሀብተ ወልድና ወንድማቸው አካለ ወርቅ ነበሩ። ሌላው ወንድማቸው መኰንን ቀደም ብለው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተደረገው የመንፈቅለ መንግሥት ሙከራ ተገድለዋል። እንግዲህ የተከሰሰ ሰው ሁሉ በነጻ ዳኛ ፊት ይደመጥ ተብሎ ሲወሰን እጇን ላነሣች አገር፥ በውጭ ጉዳይ ሥራ ያን ያህል የደከሙት ሰው በራሳቸው አገር፥ በራሳቸው ወገን እጅ፥ ሳይደመጡ ሞቱ። በዚያች ሌሊት በሕግ አምላክ የሚል መንገደኛ አልተገኘም። ዕድሜያቸው 62 ዓመት ነበር።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ሕግ ከንቱ ነው የሚል ሰው ባላፈረም ነበር። ነገር ግን ከላይ ኢትዮጵያ ስለ ዘር ማጥፋት የወጣውን ውል ከሁሉ ቀድማ አጸደቀች ያልነውን አንባቢ ያስታውስ። ያ ውል መዝገብ ውስጥ ተቀብሮ አልቀረም። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥ 281ኛ አንቀጽ ሆኖ ገባ፤ እንዲያውም ሕጋችን የዓለሙ ውል ያላነሣቸውን የፖለቲካ ወገኖች ጨምሮ ጥበቃውን አሰፋው። ደርግ ከወደቀ በኋላ መሪዎቹ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ሲቀርቡ የተከሰሱበት አንዱ አንቀጽ ይኸው ነው፤ ከክሱም ውስጥ የእነዚያ ባለሥልጣኖች ግድያ ይገኝበታል። ክርክሩ 12 ዓመት ፈጅቶ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኞች ናቸው ተብሎ ተፈረደ። በዚያ ፍርድ ቤት ተከሳሾቹ ጠበቃ ቆሞላቸው፥ ምስክር ተሰምቶላቸው ተከራከሩ። ለአክሊሉ የተነፈገው ነገር እርሳቸውን ገድላችኋል ለተባሉት ተሰጠ። ቂምና ሕግ የሚለዩት በዚህ ነው።

የአክሊሉ ሕይወት ለእኛ ለተማሪዎች የሚነግረን እንግዲህ ምንድን ነው? አንደኛ፥ የዓለም ሕግ የሚወጣው ከሰማይ አይደለም፤ ቋንቋ አጥርተው፥ መጽሐፍ መርምረው፥ በየኮሚቴው ሳይሰለቹ የሚቀመጡ ሰዎች የሚሠሩት ነው። የቡልጋው ካህን ልጅ እዚያ ከደረሰ፥ የሶዶ፥ የቦዲቲና የአረካ ገበሬ ልጅ የማይደርስበት ምክንያት የለም። ዛሬ በዚያ ሸንጎ 193 አባል አገሮች ተቀምጠዋል፤ ኢትዮጵያም ሁልጊዜ የተዘጋጀ ሰው ያስፈልጋታል።

ሁለተኛውና ዋናው ነገር ይህ ነው። በሩቅ አገር ስለ ሕግ መከራከር በቤት ሕግ ከመጠበቅ ነጻ አያደርግም። ባርነትን እናጠፋለን ብለን በጄኔቭ የሰጠነው ቃል በየቤቱ በዘገየ ጊዜ ተወቀስንበት፤ በኒውዮርክ የተገኘው ፌዴሬሽን በአገር ቤት በፈረሰ ጊዜ ደም ፈሰሰበት፤ በፓሪስ እጅ የተነሣለት መብት በአዲስ አበባ በተረገጠ ጊዜ የገዛ ባለ ውለታችንን አሳጣን። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ሕግን መጠበቅ የምንለምደው ትልቅ ሰው ከሆንን በኋላ አይደለም። በትምህርት ቤታችን ግቢ ጉልበተኛው ደካማውን ሲገፋ፥ ወይም አንዱ ሳይጠየቅና ሳይደመጥ ጥፋተኛ ሲባል ባየን ጊዜ፥ ሰምቶ እንዳለፈው መንገደኛ አንሁን። ቆመን በሕግ አምላክ እንበል።